የጢቾ ልጆች ቁጥርና የእኔ ዘጠነኛ ክፍል

ዘጠነኛ ክፍል እንዳልማር ተብዬ የማታ ዘበኛ ተደረግሁ። ያደረገኝ አለቃዬ ጓድ ደሳለኝ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን በጎልማሳነቴ አልፌ፣ አሰላ ላይ የማታ ትምህርት ልጀምር ስል፣ ልክ ትምህርቱ በሚሰጥበት ሰዓት በር ጠብቅ ተባልሁ። የምጽፈው ይኼንን ለመናገር ነው። የቀረው በመንገድ ላይ የሚመጣ ነው።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ሲያሰናብቱኝ ጋቢ አለበሱኝና አንድ ልጅ እግር ሹም ተነሥቶ «ጋሽ ጌታቸው ትምህርት ወዳድ ነበሩ» አለ። ጋቢው ጥሩ ነው፤ ሞቆኛል። ንግግሩ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ወዳድስ ወዳድ ነበርሁ፤ የከለከለኝ ማን እንደሆነ ልጁ አልጠየቀም።

ሥራዬ ወንዶች ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ገብተው ስንት ዓመት ይቆያሉ የሚለውን ማጣራት ነበር። ዛሬ ይኼ ሥራ በኮምፒዩተር ሆኗል። አሰላ ቁጭ ብለው ሩቅ ያለችውን የጮሌ ከተማን ልጅ ይቆጥሩታል። እኛ የምንቆጥረው ሄደን ነበር፤ ክረምት ሲሆን በበቅሎ፣ በጋ ሲሆን በእህል ጭነት መኪና ላይ፣ አንዳንዴም በእግር። ስለ ደመወዙ አልጽፍም፤ የሚጻፍ ነገር የለውም።

የተወለድሁት ከበቆጂ ወጣ ብሎ ነው። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አባቴ ለትምህርት ደንታ አልነበረውምና እስክጎለምስ ድረስ የምፈርመው በጣቴ ነበር። ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸከምሁ፤ ቀጥሎ በቆጂ አንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርሁ። የመጀመሪያ ምድቤ እሱ ነው። ደወሉን የምደውል እኔ፣ ሲደወል ውጭ የምቀር እኔ። ስምንተኛን ጨርሰው ወደ አሰላ የሚሄዱ ልጆችን ሣጥን መኪና ላይ የምሰቅለውም እኔ ነበርሁ። ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሆኜ ቁልቁል አያቸዋለሁ። በአንድ ክረምት ውስጥ አረማመዳቸው ይለወጣል። ዘጠነኛ ክፍል የሚባለው ነገር ለእኔ እንደ አንድ አገር ነበር፤ ሰው የሚሄድበት፣ እኔ ግን ጓዝ ብቻ የምጭንለት አገር።

ደርግ ያደረሰብኝን ልዘርዝር ብል አልጨርሰውም። አንድ ነገር ግን አልክድም፤ ፊደል አስቆጠረኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በቆጂ ሲደርስ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቴ አገጬ ሥር ገብቶ ሀ ብዬ ጀመርሁ። ባለቤቴ አስካለ «በዚህ ዕድሜህ ልትቀስስ ነው?» ብላ ስትስቅብኝ ሰነበተች። የቡና ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነበብሁላት ቀን ነው ያቆመችው። ከዚያ አሰላ፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በተላላኪነት ተዛወርሁ፤ ቀን ወረቀት አደርሳለሁ፣ ማታ ማታ እማራለሁ። ክፍል በክፍል እየወጣሁ ሰባተኛ ደረስሁ።

አቶ ሲሳይን ያገኘኋቸው ያኔ ነው። የመረጃ ክፍል የሚባለው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰው። አጭርና ቀጭን ነበሩ፤ ኮታቸው ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል። አንድ ጠዋት ወረቀት አድርሼላቸው ሳልወጣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ሳነብ አገኙኝ። ጓድ ደሳለኝ ውጭ አገር ሠልጥኖ ሲመለስ ያመጣው ነበር።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«የሁለት አገር ስም ነው። የማላውቃቸው አገሮች ናቸው።»

«ማንም አያውቃቸውም። የአንድ አውራጃ ሰው የማይሞላቸው ናቸው። ሌላስ?»

«የወንዶች ይላል። ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ ይቆያሉ ተብሎ የሚጠበቅ ዓመት።»

«አንደኛው ለምን በለጠ?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«እኔም አላውቅም። ያመጣውም አያውቅም። ለማወቅ እዚያ ሄዶ እናቶቹን መጠየቅ ነበር።»

ቀና ብዬ ወረቀቱን እንደገና አየሁት። «የእኔስ ስንት ይሆናል?» አልሁ።

«ያንተ? ዜሮ ነዋ! ዘጠነኛ ደጃፍ መቼ ደረስህ?» ብለው ከት ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አዩኝና ሳቃቸውን ዋጡት። በማግሥቱ «ይኼ ሰው ከእኔ ጋር ይውጣ» ብለው ከተላላኪነት አስነሡኝ። እንዲህ ነው መረጃ ሰብሳቢ የሆንሁት።

ያስተማሩኝን ልጻፍ፤ አሁን የሚጽፈው የለም።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በአንድ አካባቢ ካሉት የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ስንቱ ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ ነው? ከአሥራ ስድስቶቹስ? ከአሥራ ሰባቶቹስ? እንዲህ እያለ የእያንዳንዱ ዕድሜ ድርሻ ይደመርና አንድ ልጅ ስንት ዓመት ይማራል ተብሎ እንደሚጠበቅ ይወጣል። ከባዱ የልጁን ዕድሜ ማወቅ ነው። ያን ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና መጥቶ ነበር። የማንም ልጅ አያድግም። ጢሙ ያቀመቀመውን ጎረምሳ እናቱ «አሥራ ሦስቱን መያዙ ነው» ትላለች። አቶ ሲሳይ ታዲያ ዕድሜ አይጠይቁም። ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ ሲያወሩ ይቆዩና «ንጉሡ ሲወርዱ ይኼ ልጅ የፊት ጥርሱን ነቅሎ ነበር?» ይላሉ። የጥርስ ነገር እናት አትረሳም፤ ለመዋሸትም አይመጣላትም። «ኧረ ያኔማ ወላቃ ነበር!» ብላ ትስቃለች። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እስክሪብቶ አይወጣም። «እስክሪብቶ ካዩ ወታደር ሊመዘግብ የመጣ ይመስላቸዋል» ይሉኝ ነበር። የሰሙትን የሚጽፉት መንደሩን ለቀው ከወጡ በኋላ፣ በቅሎዋ ላይ እንደተቀመጡ፣ ጉልበታቸው ላይ ነው።

ከሴት ጋር ሲያወሩ ከእሷ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። እሷ በርጩማ ላይ ከሆነች እሳቸው መሬት። ሱሪያቸው ጭቃ ሆኖ ነው አሰላ የምንገባው። «ጌታው፣ ከላይ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው የሚሰማው የሚፈልገውን ብቻ ነው» አሉኝ አንዴ ስጠይቃቸው።

ትልቁ ዘዴያቸው ግን ስንቅ ነበር። የስም ጥሪ መዝገብ አያምኑም። ልጁ ትቶ ሄዶ ስሙ መዝገብ ላይ ይኖራል፤ ዳይሬክተሩ መምህር እንዳይቀነስበት ይተወዋል፣ ወይም ልጁን ከዘመቻ ሊደብቀው። ከገጠር የመጣ ተማሪ ግን ከተማ ቤት ተከራይቶ ስለሚቀመጥ መብላት አለበት። ስለዚህ በገበያ ቀን ከተማው መግቢያ ላይ ቆመን ወደ ተማሪዎች የሚገባውን ስንቅ እናያለን፤ በሶ፣ ቆሎ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ። እናቶቹ ስልቻውን አህያ ላይ ጭነው ይመጣሉ። አቶ ሲሳይ ሰላምታ ሰጥተው «የማን ነው?» ይላሉ። ስንቅ የሚገባለት ልጅ ይማራል፤ ስንቁ የቆመበት ልጅ ሄዷል። በቆጂም ያኔ ዘጠነኛ ተከፍቶበት ነበርና እዚያ ሞከርነው፤ ልክ ሆነ። ሌላም ቦታ ሞከርነው፤ ልክ ሆነ።

እነዚያ መንገዶች ይናፍቁኛል። ጭላሎ ጉም ለብሶ፣ እሳቸው ከፊት በቅሎ ላይ ሆነው ኪሳቸው ውስጥ ካለው ቆሎ አንድ አንድ እያወጡ ሲቆረጥሙ፣ እኔ ከኋላ የአልጀብራ መጽሐፋቸውን ተሸክሜ። እንዳነበው ሰጥተውኝ ነበር። አልገባኝም፤ ቢሆንም ተሸክሜው እዞር ነበር።

አንድ ዓመት ጓድ ደሳለኝ ጠራን። ግድግዳው ላይ ያለችውን ወረቀት እያሳየ፣

«እንደዚህ ያለ እፈልጋለሁ» አለ። «ጮሌና ጢቾን አወዳድሩ። ልጆቹ ብዙ የሚቆዩበት ቦታ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ቀድሞ ይከፈትለታል።»

«ሴቶቹስ?» አሉ አቶ ሲሳይ።

«ወረቀቱ ላይ ወንዶች ነው የሚለው።»

«ወረቀቱ የሌላ አገር ነው።»

«ጓድ ሲሳይ፣ ወንዶቹን!»

ሄድን። የገብስ አጨዳ ወቅት ነበርና በሁለቱም ቦታ ክፍሎቹ ግማሽ ባዶ ነበሩ። የተማመንነው በስንቁ ነው። ጮሌ ስንቁ በገበያ ቀን አህያ በአህያ ሆኖ ገባ። ጢቾ ሄደን መንገድ ዳር ቆምን፤ የሚሸጥ ቅቤ፣ የሚሸጥ ገብስ፣ የሚሸጥ በግ አለፈ። የተማሪ ስንቅ ግን ከስንት አንድ ነው። በሚቀጥለውም ገበያ ቆምን፤ ያው ነው። አቶ ሲሳይ ቆሎ መቆርጠማቸውን አቆሙ። «የጢቾ ልጆች ትተዋል ማለት ነው» አሉ፤ አዝነው ነበር። ሠራነው። የጢቾ ከጮሌ በግማሽ ያህል አነሰ። ጓድ ደሳለኝ ደስ አለው፤ ልዩነቱ ግድግዳው ላይ እንዳሉት ሁለት አገሮች ጎልቶ የሚታይ ነበር። ትልቅ ወረቀት ላይ አሥሎ ወደ በላይ ላከው።

እኔ በዚያው ዓመት ሚኒስትሪ አለፍሁ። አስካለ ዶሮ አረደች። በመስከረም ዘጠነኛ ልገባ ነው።

ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ለሌላ ሥራ ጢቾ ተላክን። ገበያ ውስጥ ቅቤ የምትሸጥ፣ ባለፈው የተዋወቅናት አንዲት ሴትዮ አቶ ሲሳይን ስታይ ከተቀመጠችበት ጮኸች። ስሟ ፋጡማ ነው፤ በአገሩ ቋንቋ አደ፣ ወይዘሮ እንደማለት፣ እንላታለን፤ ድምፅዋ ገበያውን ያቋርጣል።

«ኦቦ ሲሳይ! ልጆቻችሁ አይማሩም ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት? አሥራ አንደኛ ክፍል ለጮሌ ሆነ አሉን! የኛ ልጆች ምን ጎደላቸው? ዐይን የላቸውም? እጅ የላቸውም?»

አቶ ሲሳይ እንደ ልማዳቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰው ከበበን።

«ስንቅ አላየንም፣ አደ ፋጡማ» አሉ።

«የምን ስንቅ?»

«ለተማሪ የሚመጣ። የሚበላው።»

ሴትዮዋ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቋ መጣ፤ ቅቤዋን ሸፍና ሳቀች። በዙሪያ ላሉት በኦሮምኛ ነገረቻቸው፤ እነሱም ሳቁ። እኔ ኦሮምኛ ስለምሰማ፣ በአማርኛ ሳትደግመው ገና ፊቴ ጋለ።

«እኔ ቤት የእኅቴ ሁለት ልጆች አሉ» አለች። «አሥረኛ ክፍል ናቸው። ያ ሱቅ ያለው ሰውዬ ቤት ሦስት አሉ፤ የእኅቱ ናቸው። የኛ ልጅ ሊማር ከተማ ሲገባ የሚያርፈው አጎቱ ወይ አክስቱ ቤት ነው። ስንቅ ይዞ ከገባ ‹አታበሉኝም› አለ ማለት ነው! እናቱ በሶ ብትልክብኝ መንገድ ላይ እደፋባታለሁ! እናንተ ታዲያ በሶ ፈልጋችሁ ልጆቻችንን አጠፋችሁ?»

አንድ ሽማግሌ «በሶ ቢፈልጉ እኛ በሰጠናቸው» አለ። ገበያው እንደገና ሳቀ።

አቶ ሲሳይ አልሳቁም። ተነሥተው ያን ቀን ሙሉ በየአጎቱ ቤት ዞሩ፤ እኔም አብሬ ዞርሁ። ልጆቹ ነበሩ። በየቤቱ፣ ደብተራቸው ጉልበታቸው ላይ፣ አንዳንዱ ሁለት አንዳንዱ አራት። በየደጃፉ አቶ ሲሳይ እያጠሩ የሄዱ መሰለኝ። እሳቸው ያደጉት እንደ እኔው፣ ተማሪ ከቤተ ዘመድ ርቆ፣ ቤት ተከራይቶ፣ የእናቱን ስልቻ እየጠበቀ በሚማርበት ወገን ነው። ሌላ ዓይነት መማር እንዳለ አላሰቡም፤ እኔም አላሰብሁም። ስንመለስ በመንገድ ላይ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንቱን አገር እንዲህ ሳናየው አለፍነው ይሆን?»

በማግሥቱ ጓድ ደሳለኝ ፊት ቆምን።

«ተሳስተናል» አሉ። «የጢቾ ቁጥር ይመለስ። እንደገና እንሠራዋለን።»

«ቁጥሩ ሄዷል።»

«ስሕተት ነው የሄደው።»

«ጓድ ሲሳይ፣ የበላይ አካል አመስግኖኛል። እኔ አሁን ቅቤ ሻጭ እንዲህ አለች ብዬ ልጻፍ?»

«አዎ» አሉ አቶ ሲሳይ። «እንደዚያው ብለህ ጻፍ።»

አልጻፈም። አቶ ሲሳይ ራሳቸው ለበላይ አካል ደጋግመው ጻፉ። ወር ሳይሞላ ወደ ባሌ ተዛወሩ። ለእኔ ደግሞ ጓድ ደሳለኝ አንድ ወረቀት አዘጋጅቶ ጠራኝ። ወረቀቱ የጢቾ ሰዎች ሐሰት ነገሩን፤ አቶ ሲሳይም ይህንኑ ይዘው አሳመፁኝ ይላል።

«ፈርም» አለኝ። «የማታ ትምህርት ፈቃድህን ዛሬውኑ እሰጥሃለሁ። ካልፈረምህ ጥበቃ ክፍል የማታ ሰው ጎድሎበታል።»

መናኸሪያ አቶ ሲሳይን ስሸኝ ነገርኋቸው። ሣጥናቸውን መኪናው ላይ ሰቅዬ ስወርድ ክንዴን ያዙኝ።

«እኔ ሄጃለሁ» አሉ። «ተጎጂው አንተ ነህ። ብትፈርም አልቀየምህም። ከልቤ ነው።»

ይኼን ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ባሌ ሳሉ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ መኪና ተራ ሳልፍ ጣሪያ ላይ ሣጥን የሚሰቅል ሰው ካየሁ እቆማለሁ።

አስካለ «ፈርምና ተማር!» አለችኝ። «ሲሳይ እንደሆነ ባሌ ገብቷል። ፋጡማ እንደሆነች ቅቤዋን ትሸጣለች። ስንት ዓመት ዘጠነኛ ዘጠነኛ ስትለኝ ኖርህ!» እውነቷን ነው። ሌሊት ስተኛ የማስበው እሱኑ ነበር።

አልፈረምሁም። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ፈሪ ነኝ። በጣቴ በምፈርምበት ዘመን ስንት ነገር ላይ ቀለም እያስነከሩ አስፈርመውኛል፤ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ያ በእኔ አይያዝም። ይኼንን ግን አንብቤዋለሁ። ቃል በቃል አንብቤዋለሁ። ማንበብ የተማርሁት ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ለመፈረም ከሆነ፣ በቆጂ ያ አግዳሚ ላይ ባልተቀመጥሁ ይሻል ነበር።

ዘበኛ ሆንሁ፤ እንደገና። የመሥሪያ ቤቱ አጥር የማታ ትምህርት ከሚሰጥበት ግቢ ጋር ይዋሰናል። ጓድ ደሳለኝ ይኼን አስቦበት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ማሰብ ይችል ነበር። ሲመሽ መስኮቶቹ ይበራሉ። መምህሩ «ኤክስን ፈልጉ» ሲል ይሰማኛል። ኖራ ሰሌዳ ላይ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ኤክስ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደጠፋ፣ የት እንደሚፈለግ አላውቅም። ከእኔ ጋር ስምንተኛን ያለፉ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሲወጡ በአጥሩ በኩል «እንዴት አመሸህ፣ ጌታቸው?» ይሉኛል። በሚቀጥለው ዓመት አሥረኛ ገቡ። በሚቀጥለው አሥራ አንደኛ። የእኔ መስከረም ግን ሁልጊዜ ያው አጥር ነው። በየዓመቱ እጠይቃለሁ፤ በየዓመቱ «ጥበቃ ላይ ሰው የለም» ይለኛል። አንዳንድ ማታ አጥሩን ተደግፌ ጥላዎቻቸውን ሳይ፣ አንድ ነገር ይይዘኛል። ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ርሃብ የሚመስል ነገር ነው።

የጢቾ ሰዎች ግን ዝም አላሉም። አደ ፋጡማና ሽማግሌዎቹ አሰላ እየመጡ አቤት ይላሉ። አመሻሽ ላይ ሲወጡ በሩ ላይ ሲያገኙኝ እስቃለሁ፤ «ዛሬም በሶ አላመጣችሁም?» እላለሁ። «ላንተ ነው የሚያስፈልገው፣ ከስተሃል» ትለኛለች።

ጓድ ደሳለኝ አድጎ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄደ። እንደዚያ ያለ ሰው ሁልጊዜ አድጎ ነው የሚሄደው። በቦታው ወይዘሮ አስቴር የሚባሉ መጡ። የመጀመሪያ ሥራቸው የጢቾን አቤቱታ ማንበብ ነበር። ሰዎች ልከው በየአጎቱ ቤት አስቆጠሩ። ቁጥሩ ከጮሌ ጋር ተቀራረበ፤ ለጢቾም የአሥራ አንደኛ ክፍል ፈቃድ ወጣ። ከዚያ እኔን አስጠሩኝ።

«ያኔ ከአቶ ሲሳይ ጋር የነበሩት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ፈርም የተባሉት ወረቀት ሳይፈረም ፋይል ውስጥ አለ። ለምን አልፈረሙም?»

«ሴትዮዋ አልዋሸችማ።»

ፋይሉን ከድነው ቀና አሉ። «ማታስ ጥበቃ ላይ ለምን ተመደቡ?»

ነገርኋቸው። ባጭሩ ነገርኋቸው። እሳቸው ለጥበቃ ክፍሉ ደወሉ፤ ሌላ ሰው ይመደብ አሉ። «ምዝገባው አላለቀም፤ ዛሬውኑ ይሂዱ» አሉኝ። ለጠፉት ዓመታት ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልጠበቅሁም። የጠፋው ጠፍቷል፤ አቶ ሲሳይም ሞተዋል፤ ይኼን ማንም ፈርሞ አይመልሰውም።

ደብተር ገዝቼ፣ አጥሩን ዞሬ፣ በበሩ ገብቼ ዘጠነኛ ክፍል የተቀመጥሁት ሰኞ፣ መስከረም 22 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው።